የመንገደኛ ወታደር ማደሪያ የማን ነው?



ስለ ወታደር ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ሽኝቱንና ውጊያውን ነው። ሽኝቱ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ይውለበለባል፣ እናቶች እልል ይላሉ። ውጊያውን ደግሞ ታሪክ ጸሐፊው ይተርክልናል። በመካከሉ ያሉትን ሌሊቶች ግን የሚያነሳቸው የለም። ወታደር ከማሠልጠኛ ወደ ምድብ ቦታው ሲሄድ፣ ከግንባር በፈቃድ ሲመለስ፣ ቆስሎ ወደ ሆስፒታል ሲላክ፣ አገልግሎቱን ጨርሶ ወደ ትውልድ ቀዬው ሲጓዝ አንድ ከተማ ላይ ይመሽበታል። ዛሬ የምናገረው በዚያ ከተማ የት እንደሚያድር፣ ምን ላይ እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚጠጣና ከስንት ሰው ጋር እንደሚተነፍስ ነው።

በዚያች ሌሊት ወታደሩ የማንም አይደለም። መሸኛው ኪሱ ውስጥ ነው። የላከው ክፍል ከቀለብ ዝርዝሩ ሰርዞታል፤ የሚቀበለው ክፍል ገና አልመዘገበውም። የከተማው አስተዳደር «ይህ የጦሩ ጉዳይ ነው» ይላል፤ ጦሩ ደግሞ ከተማው ውስጥ ያለው ቢሮ እንጂ አልጋ አይደለም። ከጠላት ጥይት ያመለጡ እጅግ ብዙ ወታደሮች የሞቱት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ይህን ስል ለማሳመር አይደለም፤ ወደ ዝርዝሩ ስንገባ ታዩታላችሁ።

እኛ ዘንድ ጥያቄው የቆየ ነው። በአያቶቻችን አባቶች ዘመን መልሱ «ገበሬው ቤት» የሚል ነበር። ጦር በሚያልፍበት አገር አለቃው ወታደሩን በየጎጆው ይመራዋል፤ እንዲህ የተመራው ሰው ተሠሪ ይባላል። ተሠሪው ከገበሬው መደብ ላይ ይተኛል፣ ከሌማቱ ይበላል፣ በቅሎው ከገበሬው ገብስ ትቀለባለች። የቤቱ እመቤት ሌሊት ትፈጫለች፣ ሲነጋ ትጋግራለች። ለስንት ቀን እንደሆነ ለባለቤቱ የሚነግረው የለም። ጦሩ ተነስቶ ሲሄድ ለዘር የተቀመጠው እህል ሳይቀር አብሮ ሊሄድ ይችላል። የወገን ጦር ማለፉ እንደ አንበጣ መንጋ የሚፈራበት ዘመን ነበር። ወታደሩም ቢሆን አልተመቸውም፤ በተጠላበት ቤት ውስጥ ጦሩን ተንተርሶ ያድራል።

አጼ ቴዎድሮስ ወታደሩ በደመወዝ እንዲተዳደር አስበው ነበር፤ ግምጃ ቤታቸው አልቻለውም። በአጼ ምኒልክ ዘመን ክፉ ቀን መጣ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ አቃተው፣ ሰው በረሃብ ረገፈ። ተሠሪው ግን አሁንም ደጁን ያንኳኳ ነበር። በዚህ መከራ መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1892፣ ምኒልክ ገበሬው ከምርቱ አሥራት እንዲያወጣ፣ ወታደሩም ከዚያ እንዲቀለብና በገበሬው ቤት ተሠሪ እንዳይሆን አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ በሁሉም ቦታ ወዲያው ሥራ ላይ ዋለ ማለት አይደለም፤ ከዓመታት በኋላም ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ ወታደሩ የገበሬ ሸክም መሆኑ እንዲቀርና በደመወዝ እንዲኖር ሲሟገቱ እናገኛቸዋለን። እንደ እኔ ግን ከዚያ ዘመን አዋጆች ሁሉ ይህ ተገቢው ክብር ያልተሰጠው ነው። መንግሥት «የወታደሩ እራትና ማደሪያ የእኔ ዕዳ ነው፤ ከማንም ጎጆ አይወጣም» ብሎ ለሕዝብ ቃል የገባበት ነውና።

አዲስ አበባ ራሷ የተሠራችው በዚህ ጉዳይ ዙሪያ ነው። መኳንንቱ በየጉብታው ግቢያቸውን ሲሠሩ ጭፍራቸው በዙሪያቸው ድንኳኑን ይተክል ነበር። የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ የደጃች ውቤ ሰፈር፣ የራስ ሙሉጌታ ሰፈር እያልን እስካሁን የምንጠራቸው ከዚያ የመጡ ናቸው። ከጠቅላይ ግዛት የመጣ ወታደር ከተማ ሲገባ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ወደ ጌታው ሰፈር። እዚያ ስሙን የሚያውቅ አለቃ፣ ግብር የሚበላበት አዳራሽ፣ ቢታመም የሚያስታምመው የአገሩ ልጅ ያገኛል። ሥርዓቱ በብዙ ነገር ክፉ ነበር፤ መልሱት የምል ሰው አይደለሁም። ሆኖም መንገደኛው ወታደር ባለቤት ነበረው። ዘመናዊው ሠራዊት ሲመጣ ጌታው ቀረ፤ ለመንገድ ሌሊቶቹ ግን በጌታው ቦታ የተተካ ሰው የለም። የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው።

የሰፈረ ጦር ልቡ የሚያጋድለው ለሚያስብለት መሆኑን የዚያ ዘመን ፖለቲከኞች ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በ1920 ዓ.ም. ደጃዝማች ባልቻ ከሲዳሞ ጦራቸውን አስከትለው መጥተው ንፋስ ስልክ ሰፈሩ። እሳቸው ለግብር ቤተ መንግሥት ተጋብዘው ሳለ፣ ሰፈር ወደ ቀረው ወታደር ገንዘብ ይዘው የሄዱ ሰዎች ነበሩ። ባልቻ ሲመለሱ ሰፈሩ ተበትኖ ጠበቃቸው። አንድም ጥይት አልተተኮሰም።

ከሰባት ዓመት በኋላ ጣልያን ሲመጣ ከተማይቱ ሌላ ዓይነት እንግዳ አስተናገደች። ጥቅምት 6 ቀን 1928 የመሐል ሰፋሪው ጦር በራስ ሙሉጌታ እየተመራ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት አልፎ ወደ ደሴ ዘመተ። ደሴም የዘማች መናኸሪያ ሆነች፤ ጦሩ፣ የቀይ መስቀል ድንኳኖች፣ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል፣ ነዋሪው ሁሉ በአንድ ሸለቆ። ኅዳር 26 ቀን የጣልያን አውሮፕላኖች መጥተው ሲደበድቡ ሆስፒታሉም የቀይ መስቀሉም ድንኳን ተመታ። ወንጀሉ የደብዳቢው ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። እኛ የምንማረው ሌላ ነገር ነው። የዘማች ማደሪያ ከሆስፒታል፣ ከገበያና ከመኖሪያ ቤት ጋር ከተቀላቀለ አደጋው ሁሉንም አንድ ላይ ያገኛል። ትምህርት ቤት ውስጥ ጦር ማሳደርም ከዚህ አይለይም፤ ልጁ ነገ ተመልሶ የሚቀመጥበት ወንበር ዛሬ ዒላማ ይሆናል።

አሁን ወደ ፈረንሳይ ልውሰዳችሁ። ለዚህ ጉዳይ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የተሟላው እዚያ ነው፤ ወዲያውም ወደ እኛ ደጅ ይመልሰናል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ወደ አውሮፓ ከላከቻቸው ወታደሮች ብዙ መቶ ሺዎቹ ያለፉት በአንዲት ከተማ ነው፤ በብሬስት። ብሬስት በፈረንሳይ ምዕራባዊ ጫፍ ያለች፣ ዝናብ የማይለያት የወደብ ከተማ ናት። ከወደቡ በላይ ኮረብታው ላይ ፖንታኔዘን የሚባል የቆየ የፈረንሳይ ጦር ሰፈር አለ። አሜሪካኖቹ ያንን የድንጋይ ሰፈር ተረክበው በዙሪያው ባለው እርሻ ላይ ድንኳን ተከሉ። ወታደሩ እዚያ የሚቆየው ባቡር እስኪገኝለት ነው፤ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። ለሁለት ቀን ብሎ ወለል የሚያነጥፍ፣ ቦይ የሚቀድ፣ ሽንት ቤት በአግባቡ የሚያስቆፍር ማን ነው? ማንም አልነበረም። እርሻው በሺዎች እግር ተረግጦ ጭቃ ሆነ። ወታደሩ ጭቃው ላይ ሸራውን አንጥፎ ተኛ።

እ.ኤ.አ. መስከረም 29 ቀን 1918 ሌቪያታን የተባለች ግዙፍ መርከብ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ ወታደሮችን አሳፍራ ከኒው ዮርክ ማዶ ካለው ከሆቦከን ወደብ ተነሳች። የኅዳር በሽታ ብለን የምናውቀው ኢንፍሉዌንዛ አብሮ ተሳፍሯል። አልጋው ፎቅና ምድር ሆኖ የተደራረበ፣ አየር የማይገባበት፣ የአንዱ ትንፋሽ ለሌላው የሚተርፍ። በአንድ ሳምንት ጉዞ ውስጥ 2 ሺህ ያህሉ ታመሙ፣ 90 ያህሉ ሞቱ። ብሬስት ሲደርሱ በእግሩ መቆም የቻለው ሁሉ በዝናብና በነፋስ ወደ ፖንታኔዘን ኮረብታውን እንዲወጣ ታዘዘ። ትኩሳት ያለበት ሰው ጓዙን ተሸክሞ ኪሎ ሜትሮች ሽቅብ ይሄዳል። በመቶዎች የሚቆጠሩ በመንገድ ላይ ወደቁ። ከወደቁትም ያልተነሱ አሉ። እነዚህ ወጣቶች ግንባሩን አላዩትም፤ የጠላት ድምፅ አልሰሙም። የገደላቸው ከመርከቡ እስከ ድንኳኑ ያለው መንገድና የድንኳኑ ወለል ነው።

በተከታዩ ጥቅምት ወር ሰፈሩን የሚያዝ አዲስ ሰው ተሾመ፤ የባሕር ኃይል እግረኛው ብርጋዴር ጄኔራል ስሜድሊ በትለር። የ37 ዓመት ሰው ነው፣ የአገሩን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያ ሁለት ጊዜ የተሸለመ። ወደ ግንባር መሄድ ፈልጎ ነበር፤ የተሰጠው ግን ጭቃና በሽተኛ ነው። እንዲህ ዓይነት ሹመት እንደ ቅጣት የሚቆጥሩ መኮንኖች በየአገሩ አሉ፤ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ዝውውር እስኪመጣላቸው ይጠብቃሉ። በትለር ወደብ ወረደ። እዚያ መጋዘን ውስጥ ለምሽግ ተብለው የመጡ የእንጨት ርብራቦች ተከምረዋል፤ በምሽጉ ጭቃ ላይ የሚዘረጉ፣ ሰው እግሩ ሳይዘፈቅ የሚሄድባቸው። ጦርነቱ እያበቃ ስለነበረ የሚፈልጋቸው አልነበረም። ኮረብታው ላይ ሰው ጭቃ ውስጥ ተኝቶ እየሞተ፣ ከኮረብታው ሥር እንጨቱ ደረቅ መጋዘን ውስጥ አርፎ ተቀምጧል። በመካከላቸው የጎደለው ፊርማ ነው።

በትለር ፊርማውን አልጠበቀም። ሰዎቹን ይዞ መጋዘኑን ከፈተ፤ ርብራቡን፣ አካፋውን፣ ያገኘውን ሁሉ አስወጣ። የመጀመሪያውን ርብራብ በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ኮረብታውን ወጣ። ይህን የጻፈችው ሜሪ ሮበርትስ ራይንሃርት የተባለች ደራሲ ናት፤ የጦር ሚኒስትሩ ኒውተን ቤከር ሰፈሩን አይታ እንድትነግረው ልኳት ነበር። ጄኔራል እንጨት ተሸክሞ ሲያዩ ወታደሮቹ ምን እንዳሰቡ መገመት አያዳግትም። ከዚያ በኋላ ሺዎች ተሰልፈው ተሸከሙ። ድንኳኑ ውስጥ ርብራብ ተዘረጋ፣ ሰው ከጭቃው ከፍ ብሎ ተኛ፣ ከድንኳን ወደ ወጥ ቤት ደረቅ መሄጃ ተሠራ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ወታደሩ ወደ አገሩ የሚመለሰው በዚሁ በር ስለሆነ ሰፈሩ በአንድ ጊዜ 80 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ሆነ። ወሬውን የሰሙ ጋዜጦችና የምክር ቤት ሰዎች በአገር ቤት ጮኹ፤ ከጩኸቱ የተወሰነው ሰፈሩ ከተሻሻለ በኋላ የመጣ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነው። በትለር ከምድር ጦሩም ከባሕር ኃይሉም ለዚህ ሥራው ሜዳሊያ ተሸለመ፤ ወለል በማንጠፉ። እንዲህ ዓይነት ሜዳሊያ በእኛም አገር ቢኖር ደስ ይለኛል።

ታዲያ ይህ የብሬስት ታሪክ ለእኛ ሩቅ ነው? አይደለም። ያው በሽታ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር አዲስ አበባ ገባ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። የሚቀብር ሰው ጠፍቶ ሬሳ ከየቤቱ ሳይነሳ የቀረበት ጊዜ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው፣ በዚያ ምክንያት ነው። በሽታው በዓለም ላይ በዚያ ፍጥነት የተዛመተው በታሪክ ታይቶ በማይታወቅ ብዛት ወጣት ወንዶች በመርከብ፣ በባቡርና በማረፊያ ሰፈር ታጭቀው ስለተጓዙ ነው። በዚያ ወቅት ብሬስት ላይ ትከሻ ለትከሻ የተኙት ልጆችና ጉለሌ ላይ የተቀበሩት ሰዎች በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። ለዚህ ነው የወታደር ማደሪያ የወታደር ጉዳይ ብቻ አይደለም የምለው። መንገደኛ ወታደር ዛሬ ያደረበትን ነገ ሌላ ከተማ ያደርሰዋል።

ስለ መታጨቅ አንድ የተለካ ነገር ልንገራችሁ። በዚያው ጦርነት ግሎቨር የሚባል እንግሊዛዊ የጦር ሐኪም ከለንደን በስተ ደቡብ ባለው በኬተርሃም ጦር ሰፈር የማጅራት ገትርን ነገር ያጠና ነበር። የማጅራት ገትር ተሕዋስ በጤነኛ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ተቀምጦ ሊቆይ ይችላል፤ ተሸካሚው አይታመምም፣ ለሌላው ግን ያስተላልፋል። ግሎቨር የወታደሮቹን ጉሮሮ ሲመረምር የተሸካሚው ብዛት ከምን ጋር እንደሚሄድ አስተዋለ። በአልጋና በአልጋ መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ጫማ በታች ሲሆን ተሸካሚው ከመቶ ሃያ አልፎ ይሄዳል። አልጋዎቹን ሁለት ጫማ ተኩል ያህል ሲያራርቃቸው ቁጥሩ ይወርዳል። መድኃኒት አልጨመረም፤ አልጋ ነው ያራቀው። ከክንድ ብዙም የማይበልጥ ርቀት ነው። እኛ ደግሞ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ያለን አገር ነን። አንድ አዳራሽ ውስጥ መቶ ፍራሽ ያለ ክፍተት ተነጥፎ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ክፍተት ነው።

የራሳችን ቁስል ደግሞ የ1983ቱ ነው። ግንቦት 20 መንግሥት ሲለወጥ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት በአንድ ጊዜ አለቃ አልባ ሆነ። ከኤርትራ የተነሳው በእግሩ ወደ ትግራይና ወደ ሱዳን ፈሰሰ፤ ከሰላ የደረሰውን ቀይ መስቀል ተቀበለው። የቀረው በየካምፑ ተሰበሰበ፤ የቀድሞውን ሠራዊት አባላት የሚያቋቁም ኮሚሽንም በቀጣዩ ሰኔ ተመሠረተ። ትናንት የአገር ጦር ይባል የነበረ ሰው ወታደራዊ ካፖርቱን ለብሶ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅና በየመስጊዱ በር እጁን ዘረጋ። በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ የነበራችሁ ይህን ታስታውሳላችሁ። ከራሱ ላይ ቀንሶ እንጀራ ያበላውን፣ በረንዳውን ለሌሊት የፈቀደውን የከተማ ሰው ማመስገን ይገባል። ያ ሁሉ ደግነት ግን የመንግሥትን ቦታ ሊሞላ አይችልም ነበር።

በዚያው ዓመት የቀድሞ ወታደሮች በተሰበሰቡበት ካምፕ ግርሻ ተነሳ። ግርሻ በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት ነው፤ ሰውየው ተሽሎት ተነስቶ ሲሄድ ከቀናት በኋላ ያገረሽበታል። በሕክምና መጽሔት የተመዘገበ ወረርሽኝ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ግርሻ ስለ ማደሪያ ከማንም በላይ የሚያስተምረን በሽታ ነው። የገላ ቅማል የሚኖረው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ ገላ ላይ የሚመጣው ሊመገብ ነው። ሲደፈጠጥ በውስጡ ያለው ተሕዋስ በተቧጨረው ቆዳ ይገባል። እንግዲህ የክረምቱን ነገር አስቡት። ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው። ሰው ለሙቀት ሲል ተጠጋግቶ ይተኛል። ያለው አንድ ልብስ ነው፤ ካጠበው የሚለብሰው የለም፣ ቢያጥበውም የሚያደርቅበት ፀሐይ የለም። ስለዚህ አያጥብም። ቅማሉ ከአንዱ ስፌት ወደ ሌላው ያለ ድካም ይሻገራል።

ሐኪሙስ? መድኃኒቱ ርካሽና የታወቀ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱን የወሰደ በሽተኛ በሰዓታት ውስጥ ብርቱ ብርድ ብርድ ሊለው፣ ትኩሳቱ ሊያሻቅብ፣ የደም ግፊቱ ሊወድቅ ይችላል፤ በዚያች ጊዜ የሚያየው ሰው ከሌለ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ማደር አለበት፤ አልጋ ላይ፣ አስታማሚ አጠገቡ ሆኖ። መንገደኛ ወታደር ግን ክኒኑን ተቀብሎ ማልዶ አውቶቡስ የሚይዝ ሰው ነው። ማደሪያ የሌለው ሕክምና ለእሱ ግማሽ ሕክምና ነው። መከላከያው ደግሞ ቅያሪ ልብስ፣ የፈላ ውሃ፣ ሳሙናና ማድረቂያ ጣሪያ ነው። ከዚህ ርካሽ የጦር ወጪ አላውቅም።

ማደሪያና ውሃ የሰው ጤና ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ዕድሜም መሆኑን ነገሌ ቦረና አሳይታናለች። በጥር 1966 የነገሌ ጦር ያመፀው የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ መኮንኖቹ የራሳቸውን ውሃ ሊያካፍሉት ስላልፈቀዱና ምግቡ የማይበላ ስለሆነ ነው። ለማረጋጋት የተላኩትን ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ከዚያ የተነሳው እሳት ወደ ሌሎች ክፍሎች ተዛምቶ ዘውዱን እስከ መጣል ደረሰ። ነገሌ የመሸጋገሪያ ሰፈር አልነበረችም፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1917 በፈረንሳይዋ ኤታፕል፣ ወደ ግንባር የሚያልፉ የእንግሊዝና የቅኝ ግዛቶቿ ወታደሮች ባመፁ ጊዜ ሰፈሩ በትክክል የማለፊያ ሰፈር ነበር። ቀድሞ ግንባር ቆስለው የተመለሱትን ሳይቀር እንደ አዲስ ምልምል የሚያንገላታ ቦታ ነበር። ወታደር ሞትን ታግሶ ውርደትን የማይታገሠው በንዴት ስለታወረ አይደለም። ሞቱን አገሩ እንደጠየቀችው ያውቃል፤ የቆሸሸውን ውሃ ግን ማንም እንዳልጠየቀው፣ እንዲሁ ችላ እንደተባለ ይረዳዋል።

አሁን ስለ ራሳችን ከተሞች ልናገር። በየመናኸሪያው ብዙዎቻችን ያየነው ነው። ማታ ዘግይቶ የገባ ወታደር፣ የፈቃድ ወረቀቱንና ጥቂት ብር የያዘ፣ ከአልጋ ቤት አልጋ ቤት ይዞራል። ዋጋው ከኪሱ በላይ ከሆነ ሻንጣውን ተንተርሶ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። «ውሎ አበል ተሰጥቶታል» የሚል መልስ ሰምቻለሁ፤ አይበቃኝም። ገንዘብ መስጠት ማደሪያ መስጠት አይደለም። ብሩን ለቤተሰቡ መላክ የሚፈልግ ልጅ ማደሪያውን ይሠዋል፤ ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው፣ የእናታቸውን ጓዳ ያውቁታል። ሴት ወታደር ስትሆን ደግሞ ነገሩ ይከፋል። የሚዘጋ በር፣ ለብቻዋ የሆነ መታጠቢያ፣ መብራት ያለው መንገድ የሌለበት ማረፊያ ለእሷ ማረፊያ ሊባል አይገባም። ቁስለኛውም አለ፤ ክራንች ይዞ የሦስተኛ ፎቅ ክፍል የተሰጠው ሰው ሌሊቱን ሽንት ቤት ላለመውረድ ውሃ ሳይጠጣ ያድራል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ወታደር በብዛት በሚያልፍባቸው ከተሞች፣ ከመናኸሪያው ብዙ የማይርቅ፣ ከትምህርት ቤትና ከሆስፒታል የተለየ፣ ለመንገደኛ ወታደር ብቻ የሆነ ቤት ይኑር። ለተፈናቃይ መጠለያ የተቀመጠ ዓለም አቀፍ ዝቅተኛ መለኪያ አለ፤ ለአንድ ሰው ሦስት ካሬ ሜትር ተኩል ወለል፣ በቀን 15 ሊትር ውሃ፣ ለሃያ ሰው አንድ ሽንት ቤት። ይህ መከራ ለደረሰበት ሰው የተቀመጠ የመጨረሻው መስመር ነው። አገር ለላከችው ወታደር ከዚያ በታች መስጠት አይቻልም። ውሃው የሚፈላበት ምድጃ፣ ልብስ የሚታጠብበትና የሚደርቅበት ጣሪያ፣ አንዲት ነርስ ያለችበት ክፍል ከዚህ ጋር ይታሰብ። ቤቱ ባዶ የሚሆንበት ሳምንት ይኖራል፤ ባዶ ነው ተብሎ ለሌላ ቢሮ እንዳይሰጥ አስቀድሜ እለምናለሁ። ብሬስትን ያስታወሰ ሰው ማደሪያ የሚሠራው ጦሩ ከደረሰ በኋላ እንዳልሆነ ያውቃል።

ከግድግዳውና ከፍራሹ በፊት ግን ሰው ያስፈልጋል። አንድ መኮንን ይመደብ፤ ሥራው ይኸው ብቻ ይሁን፣ ከደረጃ ዝቅ ማለትም ሆኖ አይቆጠርበት። መሸኛ ይዞ ከተማዋ የገባ ወታደር ሁሉ እስኪወጣ ድረስ የሱ ነው። ስንት ሰው እንዳደረ፣ ማን እንደታመመ፣ ውሃው መቼ እንደተቋረጠ በየቀኑ ይጻፍ። የጻፈውንም የከተማው ጤና ቢሮ እንዲያየው ይፈቀድለት፤ በሽታው ከግቢው አጥር አልፎ የሚመጣው ወደ ነዋሪው ነውና። የጦር ምስጢር ይወጣል የሚል ካለ፣ የክፍሉን ስምና የሚሄድበትን ቦታ መጻፍ አያስፈልግም፤ ትኩሳት የያዘው ሰው ብዛት ምስጢር አይደለም።

ያ መዝገብ ሌላም ጥቅም አለው። በአገራችን ልጃቸው ዘምቶ የት እንደደረሰ ሳያውቁ ዓመታት የሚጠብቁ ቤተሰቦች አሉ። ከክፍሉ ወጥቷል፣ ምድቡ አልደረሰም፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያውቅ የለም። የመንገድ ማደሪያው በአግባቡ የሚመዘገብ ቢሆን ኖሮ፣ በዚህ ቀን እዚህ አድሮ፣ በዚህ ሰዓት ወደዚህ ከተማ ተሳፍሯል የሚል አንድ መስመር ይገኝ ነበር። ፍለጋው ከዚያ መስመር ይጀምራል። የመከላከያና የከተማ አስተዳደር ኃላፊዎች በዚህ አዳራሽ አላችሁና፣ መዝገቡ አዳራሽ እስኪገነባ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም፤ በደብተርና በአንድ ኃላፊ በመጪው ሳምንት ሊጀመር ይችላል።